ኮንስታብል የሣለው ጸጥታን ሳይሆን ሥራን ነው

የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የጆን ኮንስታብል (1776–1837) ሥዕሎች በፖስታ ካርድና በቀን መቁጠሪያ ላይ ሲታተሙ ሁልጊዜ የሚነገርላቸው የገጠር ጸጥታ ነው። ይህ ሥዕሎቹን ይበድላቸዋል። በስቱር ወንዝ ዳር የሣላቸው ትልልቅ ሥዕሎች ጭነት የሚመላለስበትን የውሃ መንገድ ከነአሠራሩ ያሳያሉ።

ስቱር በሳፎክና በኤሴክስ መካከል ይፈስሳል። በ1705 በወጣ ሕግ ከሰድበሪ እስከ ማኒንግትሪ የጭነት ጀልባ እንዲሄድበት ተፈቀደ። የሠዓሊው አባት ጎልዲንግ ኮንስታብል በፍላትፎርድና በዴድሃም የዱቄት ወፍጮ ነበራቸው፤ የወንዙን ጉዞ ከሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮችም አንዱ ነበሩ። ዱቄቱ በጀልባ ሚስትሊ ይደርስና በመርከብ ለንደን ይገባ ነበር። የቤተሰቡ እንጀራ ያለፈው በወንዙ ላይ ባሉት የውሃ በሮች በኩል ነው።

በ1824 በኤግዚቢሽን የታየውንና በዚያው በመክፈቻው ቀን በ150 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ) የተሸጠውን «ሎክ» የተባለ ሥዕል እንውሰድ። ሎክ በላይኛውና በታችኛው በር መካከል ያለ፣ ጀልባን ከአንድ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር ክፍል ነው። ቁልቁል የሚሄድ ጀልባ በላይኛው በር ይገባና በሩ ከኋላው ይዘጋል። ከዚያ የታችኛው በር ትንንሽ መክፈቻዎች ተነሥተው ውሃው ይለቀቃል። የውስጡና የውጭው ውሃ እኩል ሳይሆን በሩን መክፈት አይቻልም፤ 2 ሜትር በ2 ሜትር ስፋቱ ውሃ ውስጥ ባለ በር ላይ የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ብቻ 400 ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። መክፈቻዎቹንም ውሃው አጥብቆ ስለሚይዛቸው በእጅ ብቻ አይነሡም። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው መክፈቻውን የሚያነሣበትን ብረት በሙሉ ሰውነቱ የሚጫነው ለዚህ ነው።

ገመዱም አለ። ጀልባው በገመድ ከምሰሶ ጋር ተይዞ ውሃው እስኪወርድ ይጠብቃል። ገመዱ ጠብቆ ከታሰረ ውሃው ሲጎድል ጀልባው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከላላ ደግሞ የሚወጣው ውሃ ስቦ ከበሩ ጋር ያላትመዋል። ከሁሉ የከፋው የጀልባው ኋላ በላይኛው በር ሥር ባለው ደፍ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ፊቱ ከውሃው ጋር እየወረደ ኋላው ከቀረ ጀልባው ያዘነብልና ይሰጥማል። ይህን ያወቀ ሰው ሥዕሉ ላይ ዕረፍት አያይም።

ኮንስታብል ያየውን ሁሉ እንዳለ አልገለበጠም የሚሉ ተቺዎች እውነት አላቸው። በ1825ቱ «የሚዘልለው ፈረስ» ላይ ከዚያ ቦታ የማይታየውን የዴድሃም ቤተ ክርስቲያን አስገብቷል፤ ሥዕሉ ሳይሸጥ ሲመለስለትም ከፈረሱ ፊት የነበረውን ዛፍ አጥፍቶታል። ፈረሱ የሚዘልለው አጥር ግን እውነተኛ ነው። ከብቶች ከመስክ ወደ መስክ እንዳይሻገሩ ፈረሶች ጀልባውን በገመድ እየጎተቱ በሚሄዱበት የወንዝ ዳር መንገድ ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያላቸው አጥሮች ስለነበሩ፣ ጀልባ ጎታች ፈረሶች መዝለልን ይማሩ ነበር። መንገዱ ወዲያ ማዶ ሲሻገር ደግሞ ፈረሱ ራሱ በጀልባ ይጫናል፤ የ1819ኙ «ነጩ ፈረስ» የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ዛፍና ደወል ቤት ለዓይን ሲባል ቦታ ይለውጣሉ፤ የሥራው ሥርዓት ግን አልተነካም። ለእኔ የሠዓሊው ታማኝነት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ሙዚየሞች ከሥዕሎቹ አጠገብ በሚለጥፉት መግለጫ ስለ ደመናው ከሚያትቱት በተጨማሪ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚወርድ፣ ገመዱን ማን እንደያዘና ጀልባው ምን እንደጫነ ሁለት መስመር ይጨምሩ።