ኮምፓይለሩ እስኪፈጥን አትጠብቁ

የታይፕስክሪፕት (ታይፕ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት፣ የተጨመረበት ጃቫስክሪፕት) ፈጣሪ አንደርስ ሄልስበርግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ኮዱን መርምሮ ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀይረው ኮምፓይለር «ጎ» (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንደገና እየተጻፈ መሆኑን ሲያስታውቅ፣ ከቀረቡት ማሳያዎች አንዱ ቪኤስ ኮድ የተባለው ኤዲተር ነበር። 1.5 ሚሊዮን ገደማ መስመር ያለው ይህ ኮድ 77.8 ሰከንድ ይወስድበት የነበረው ምርመራ ወደ 7.5 ሰከንድ ወረደ። ስለ ቢልድ (ኮዱን ለሥራ ዝግጁ ስለማድረግ) መንቀራፈፍ ሲነሳ «አዲሱ ይምጣና እናያለን» የሚሉ ቡድኖች ተስፋቸው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱ እውነት ነው። ግን የማያስፈልጉትን ፋይሎች ሁሉ ጎትቶ የሚያስገባ ፕሮጀክት በአዲሱ ኮምፓይለርም ያንኑ ይጎትታል፤ ፋይሎቹን አንድ ላይ የሚያሽገው ባንድለሩም፣ ቴስቱም፣ ኤዲተሩም ዕዳውን አብረው ይከፍላሉ።

መጀመሪያ ሁለት ሥራዎች ይለዩ። ታይፕ መመርመር የፕሮጀክቱን ሙሉ ገጽታ ማየት ይፈልጋል። ታይፑን ገፍፎ ጃቫስክሪፕት ማውጣት ግን ፋይል በፋይል የሚሠራ ቀላል ነገር ነው፤ ኢኤስቢልድና ኤስደብልዩሲ የተባሉት መሣሪያዎች ፈጣን የሆኑት አንዱ ምክንያት ምርመራውን ጨርሶ ስለማይነኩት ነው። ዌብፓክ በተባለው ባንድለር ላይ ያለው ቲኤስ-ሎደር ካልከለከሉት ሁለቱንም አንድ ላይ ይሠራል። «ትራንስፓይል-ኦንሊ» (መቀየር ብቻ) የሚለውን አማራጭ አብርቶ ምርመራውን ለብቻው በሌላ ፕሮሰስ ማስኬድ ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው መቀየር መቻሉን የሚፈትሸውን «አይሶሌትድ-ሞጁልስ»ንም ያብራ፤ አለበለዚያ ታይፕን እንደ ተራ ዋጋ መልሶ ኤክስፖርት የሚያደርግ ፋይል ቢልዱን ይሰብራል። በሲአይ (የተላከውን ኮድ በራሱ በሚፈትሸው ሰርቨር) ላይ ኮምፓይለሩ «ቲኤስሲ» ከ«ኖ-ኢሚት» (ፋይል ሳያወጡ መመርመር ብቻ) ጋር መሮጡን ማንም ካላረጋገጠ ደግሞ የታይፕ ስህተቱ ያለ ከልካይ ተጠቃሚው ዘንድ ይደርሳል። ቪት የተባለውን የቢልድ መሣሪያ የሚጠቀሙም አይዘናጉ፤ እሱም ታይፕ አይመረምርም።

ቀጥሎ መለካት ነው። «ኤክስቴንድድ-ዳያግኖስቲክስ» የሚለው አማራጭ የፋይሎቹን ብዛት፣ የሚበላውን ራም፣ ለማንበብና ለመመርመር የሄደውን ጊዜ ለየብቻ ያወጣል። ከመለካቱ በፊት «ቢልድ-ኢንፎ» የሚባለው የቀድሞ ሩጫ ማስታወሻ ይጥፋ፤ ካልጠፋ የሚታየው የካሽ (የተቀመጠ የቀድሞ ውጤት) ፍጥነት ነው። የፋይሉ ቁጥር ከጠበቁት በላይ ከሆነ «ኤክስፕሌይን-ፋይልስ» እያንዳንዱ ፋይል በማን በኩል እንደገባ ይናገራል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አሳፋሪ ነገር ነው፦ የሚገቡትን ፋይሎች የሚወስነው «ኢንክሉድ» ሳይጻፍ ቀርቶ የድሮ የቢልድ ውጤት አብሮ ሲመረመር፣ ወይም የቴስት ላይብረሪዎች ታይፕ በሙሉ ወደ ዋናው ኮድ ሲገባ። የላይብረሪዎችን ታይፕ ምርመራ የሚያስቀረው «ስኪፕ-ሊብ-ቼክ» ጊዜ ያተርፋል፤ ነገር ግን ራሳችሁ የጻፋችኋቸውን የ«ዲ.ቲኤስ» (ታይፕ ብቻ የሚገልጹ) ፋይሎችም አብሮ ይዘላቸዋል።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚበላው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ንጹሕ ኮድ መስሎን የምንጽፈው ነው፤ በየፎልደሩ የምናስቀምጠው፣ ያለውን ሁሉ መልሶ ኤክስፖርት የሚያደርግ «ኢንዴክስ» ፋይል። አንዲት በተን ከዚያ ኢምፖርት ስናደርግ ቻርቱም፣ ካላንደሩም፣ የጽሑፍ ኤዲተሩም ከነላይብረሪያቸው ይከተላሉ። በቪት የልማት ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ሞጁል የራሱ ጥያቄ ስለሆነ ብራውዘሩ መቶዎችን ተሰልፎ ይጠብቃል። ቴስት በሚያስኬደው ጄስት ላይ ይብሳል፤ እያንዳንዱ የቴስት ፋይል የራሱ የሞጁል መዝገብ ስላለው ያንኑ ክምር ደጋግሞ ይጭናል። «ትሪ ሼኪንግ (ጥቅም ላይ ያልዋለ ኮድን መጣል) ያስወግደው የለ?» የሚል አይጠፋም። የሚወገደውም ቢሆን አስቀድሞ ተነቦ ነው፤ ጊዜው የሄደው እዚያ ላይ ነው። በዚህ ላይ እነዚህ ፋይሎች ክብ ኢምፖርት (ፋይሎች እርስ በርስ ዞረው መጠራራት) ይፈጥራሉ፤ አንዳንድ ዋጋ ያለምክንያት «አንዲፋይንድ» ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ በመተግበሪያው ውስጥ በቀጥታ ከፋይሉ ኢምፖርት ማድረግ፣ «ኢንዴክስ» ፋይሉን ለሌሎች በሚታደል ፓኬጅ ደጃፍ ላይ ብቻ መተው፣ ኮድን በደንብ በሚፈትሸው ኢኤስሊንት ማጠር። የምርመራው ጊዜ ከዚህም በኋላ ካልወረደ በ«እና» (&) ምልክት የተቆላለፉ ትልልቅ ታይፖችን «ኤክስቴንድ» በሚያደርግ ኢንተርፌስ መተካት ይረዳል፤ ኮምፓይለሩ የኢንተርፌሶችን ዝምድና አንዴ አስልቶ ያስቀምጣል።

ፕሮጀክቱን በ«ሪፈረንስ» ወደሚያያዙ ትንንሽ ፕሮጀክቶች መከፋፈል ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ፣ ከታይፕስክሪፕት 3.0 ወዲህ ያለ ነገር ነው። የአንዱ ክፍል ውጫዊ ታይፕ ካልተቀየረ በእሱ ላይ የቆሙት እንደገና አይመረመሩም። ሆኖም 60 ቦታ የሚከፋፍሉ አሉ፤ ትርፉ በማስተዳደሩ ይበላል። ከ5 እስከ 20 ያለው ይበቃል።

ዌብፓክ 5 ካሹን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይችላል፤ የማዋቀሪያ ፋይሉን በ«ቢልድ-ዲፔንደንሲስ» ውስጥ ማስመዝገብ ከተረሳ ግን ቅንብሩ ተቀይሮ አሮጌው ውጤት ይመጣል። ሲአይ ላይ ደግሞ የካሽ ፎልደሩ ከሩጫ ወደ ሩጫ ካልተላለፈ ምንም አይጠቅምም።

እዚህ አገር ብዙው ሰው በያዘው ባለ 8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ቢልዱ ራም አነሰኝ ብሎ ሲወድቅ ቢልዱን የሚያስኬደውን የኖድን የራም ጣሪያ ወደ 8192 ሜጋባይት ማሳደግ። መውደቁ ይቆማል፤ ነገር ግን ክሮምና ኤዲተሩም ራም ስለሚሻሙ ማሽኑ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ መንቀራፈፉም ይከፋል። 4096 አድርጎ የፋይሉን ቁጥር መቀነስ ይሻላል። በዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በውስጡ የሚያስኬደውን ደብልዩኤስኤል 2 የሚጠቀም ደግሞ ፕሮጀክቱን ከሲ ድራይቭ አውጥቶ በሊኑክሱ የራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥ፤ በሁለቱ ፋይል ሲስተሞች መካከል የሚደረገው ምልልስ በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ላይ ሲበዛ ቢልዱን ያጓትተዋል።