ከባሕሩ በፊት ያለው የመጨረሻ መንገድ

አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ አስፋልት ዳር ቆማለች። ትንሹ የዋና ጎማውን ወገቡ ላይ አጥልቋል። ታላቅየዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። መሬቱ ስላቃጠላት አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሯ ትቆማለች። ባሕሩ ፊት ለፊታቸው ነው፤ ከሠላሳ እርምጃ አይርቅም። በመሃል ግን አራት መስመር አስፋልት አለ። ዜብራው ተፍቆ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እናትየው አንድ እግሯን ወደ አስፋልቱ ታወርዳለች፣ መኪና ሽው ሲል መልሳ ትሰበስበዋለች። ደግማ ታወርዳለች፣ ደግማ ትሰበስባለች።

ይህን ያየሁት ለእረፍት በሄድኩበት አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ከመንገዱ ማዶ ተቀምጬ ሰዓቴን አየሁ። ለመሻገር አራት ደቂቃ ፈጀባቸው። አራት ደቂቃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ልጁ ግን ገና ሳይሻገሩ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የመጡት ለባሕሩ ብለው ነው። ዓይናቸው ሥር ሆኖ መድረስ አቃታቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። እነዚያ መኪኖች ወዴት ነበር የሚሄዱት? ወደ ባሕሩ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አንዳቸውም ፍጥነት እንኳ አልቀነሱም። ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ነው የሚበሩት። ሾፌሮቹን መውቀስ ይከብደኛል። የባሕር ዳር መንገድ አንዱ ጎኑ ውሃ ስለሆነ ከዚያ በኩል የሚገባበት መስቀለኛ መንገድ የለም። ቀጥ ያለ ነው። የሚያስቆም መብራት ጥቂት ነው። ለሚቸኩል ሰው ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል? በዚህ ዓይነት ማንም ቁጭ ብሎ ሳይወስን፣ ቀስ በቀስ፣ የከተማው ምርጥ ቦታ አቋራጭ ሆኖ ይቀራል።

የመዝናኛ ከተሞች ይህን መንገድና የእግረኛ መሄጃውን እናድስ ብለው ሲነሱ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ንድፍ ይመሳሰላል። ነጭ ታይል፣ የዘንባባ ሰልፍ፣ ረጃጅም የመብራት ምሰሶዎች፣ ፈገግ ያሉ ቤተሰቦች። አስፋልቱ ግን ያው ነው፤ አንዳንዴም ይሰፋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ አላፊ መኪናው ከባሕሩ ፊት ይነሳ። ሰውን የሚያመጣው ይምጣ፣ የሚያልፈው ግን በሌላ መንገድ ይለፍ። ይህ ካልተወሰነ ታይሉ የቱንም ያህል ቢያምር ያቺ እናት አሁንም እዚያው ዳር ላይ ናት።

የኒስን ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የፈረንሳይዋ ኒስ ዛሬ በዓለም ዝነኛ የሆነው የባሕር ዳር መሄጃዋ የተጀመረው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ነው። በከባድ ብርድ ምክንያት ብዙ ሰው ሥራ አጥቶ ተቸግሮ ነበር። ክረምቱን እዚያ የሚያሳልፉ እንግሊዛውያን ገንዘብ አዋጥተው ችግረኞቹን በጠጠሩ ዳርቻ ላይ መንገድ እንዲሠሩ ቀጠሯቸው። ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያላት ቀጭን የእግር መንገድ ነበረች። የአገሩ ሰው "የእንግሊዞች መንገድ" አላት፤ ስሙም እንደዚያው ጸና። ለእግር የተጠረገችው ያቺ ቀጭን መንገድ እየሰፋች ሄዳ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሁለቱም አቅጣጫ መኪና የሚጎርፍባት ትልቅ ጎዳና ሆነች። የእግረኛው መሄጃ ዛሬም አለ፣ ሰፊና ውብ ነው። ከሆቴሉ ወደ ባሕሩ የሚሄድ ሰው ግን ጎዳናውን መሻገር አለበት።

"መኪናው ከዚህ ከተነሳ ከተማው ይዘጋል" የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሳል። ስጋቱ የእውነት ስለሆነ አልንቀውም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥም ሰው ይህንኑ ፈርቶ ነበር። የከተማዋን ወደብ ፊት ለፊት የሚጋርድ ባለሁለት ፎቅ ፈጣን መንገድ ነበር። በ1986 ይፍረስ ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ሕዝቡ ይቆይ አለ። በ1989 ኦክቶበር ወር የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ መንገዱን ጎዳውና ተዘጋ። በ1991 ማፍረስ ተጀመረ። ከተማው አልቆመም። ሾፌሮች ሌላ መንገድ ለመዱ፣ ሌላ ሰዓት መረጡ፣ ከፊሉም በሕዝብ ትራንስፖርት ሄደ። በቦታው ዛፍ ያለው ሰፊ ጎዳና፣ የባቡር ሐዲድና የእግር መሄጃ ተሠራ። ዛሬ ያ ግዙፍ ኮንክሪት ይመለስ የሚል ሰው ቢነሳ ሰሚ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ሌላው ፍርሃት የፓርኪንግ ነው። እስኪ አብረን እናስላ። አንድ መኪና በመንገድ ዳር በርዝመቱ ሲቆም ስድስት ሜትር ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር የባሕር ዳር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መኪና ቢደረደርበት፣ የሚይዘው 165 መኪና ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ሦስት ሰው መጣ ብንል 500 ሰው አይሞላም። በአንድ የእረፍት ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው በሚመጣበት ዳርቻ ላይ ይህ ኢምንት ነው። ለዚያ ስንል ግን ለቀሪው ሁሉ እይታውን እንጋርዳለን። ዊልቸር ለሚጠቀሙ፣ ለአምቡላንስና ዕቃ ለሚያራግፉ የሚሆን ቦታ ይኑር፤ እሱ ላይ ድርድር የለም። የቀረው መኪና ሁለት መቶ ሜትር ወደ ኋላ ይቁም። ሰው ወደ ባሕር ሊሄድ መጥቶ ሁለት መቶ ሜትር መራመድ አይከብደውም፣ ጥላ ካለው።

አሁን ወደ መሬቱ ሥር እንውረድ። ይህን ክፍል ማንም በንድፉ ላይ አያሳየንም፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር እዚህ ነው። ከተማ ወደ ባሕር ነው የሚያዘቀዝቀው። የዝናብ ጎርፉም ፍሳሹም የሚወርደው ወደዚያው ነው። በብዙ አሮጌ ከተሞች ሁለቱ በአንድ ቱቦ ይሄዳሉ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ይሞላና የተትረፈረፈው በቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ዳርቻው ላይ "መዋኘት ክልክል ነው" የሚል ምልክት ይተከላል። የጣሊያኗ ሪሚኒ ይህ ችግር ነበረባት። በ2013 በጀመረችው የፍሳሽ ዕቅድ ኬኔዲ አደባባይ ሥር ግዙፍ ማጠራቀሚያ ቀበረች። ከላዩ ላይ ሰው ባሕሩን ቁጭ ብሎ የሚያይበት ሰገነት ሠራች። ቀጥላ የባሕር ዳር መንገዷን ከመኪናና ከፓርኪንግ እያስለቀቀች ወደ መናፈሻ መለወጥ ያዘች። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ቱቦው ፊት፣ ታይሉ ኋላ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ የተነጠፈ መሄጃ ዓመት ሳይሞላው ይቆፈራል። ተመልሶ ሲነጠፍ ቀለሙ አይገጥምም፣ አንዱ ታይል ይወጣል፣ ሌላው ይሰምጣል፣ ዝናብ ሲጥል ከሥሩ ጭቃ ይረጫል።

አሸዋው ላይም ትንሽ ልቆይ። መሄጃውን ማስፋት ሲፈለግ ቀላሉ መንገድ ወደ ባሕሩ መግፋት ነው። ግንብ ይቆምና ኋላው ይሞላል። ከመኪናው ላይ አንድ ስንዝር ሳይነካ አሥር ሜትር ይገኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ አሥር ሜትር የማን እንደነበር ነው። የላይኛው ደረቅ አሸዋ የዳርቻው መጠባበቂያ ነው። ኃይለኛ ማዕበል ሲመጣ አሸዋውን ጎትቶ ወደ ውሃው ይወስደዋል። ባሕሩ ሲረጋ ትንንሽ ሞገዶች መልሰው ያመጡታል። ዳርቻ የሚኖረው በዚህ መስጠትና መቀበል ነው። ቀጥ ያለ ግንብ መሃል ሲገባ ማዕበሉ ይመታውና ኃይሉ ወደ ታች ይዞራል፣ የግንቡን እግር ይቆፍራል፣ አሸዋውን ይዞ ይሄዳል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ መሄጃው አለ፣ ዳርቻው የለም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ግንብ ሥር ዝቅ ብዬ አይቻለሁ። ወደ አሸዋው የሚያወርደው ደረጃ የመጨረሻ እርከን አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ጉልበት የሚያህል ባዶ ነበር። ሰው ሲጠቀምበት የኖረው ደረጃ ነው፤ አሸዋው ነው ከሥሩ የሸሸው። አንድ አዛውንት ሊወርዱ መጡ። እርከኑን አዩት፣ መከለያውን ይዘው ትንሽ ቆሙ፣ ተመለሱ።

ባሕሩም ባለበት አልቆመም። የዓለም የባሕር ከፍታ ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጨምሯል። ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ የጭማሪው ፍጥነት በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ትንሽ ይመስላል፤ ተዳፋቱ ዝቅ ባለ ዳርቻ ላይ ግን ውሃው ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የሚሠራ መንገድ ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል ብለን ነው ገንዘብ የምናወጣው። አሸዋ አምጥቶ መሙላትም ይቻላል። የሪዮ ዴ ጄኔሮዋ ኮፓካባና በ1970 አካባቢ ዳርቻዋን በአሸዋ አስፍታ ነው ጎዳናዋንም ያሰፋችው። በሮቤርቶ ቡርሊ ማርክስ ንድፍ እንደገና የተነጠፈው ሞገድ የሚመስል ጥቁርና ነጭ መሄጃዋም የዚያ ሥራ አካል ነው። ባርሴሎናም ለ1992ቱ ኦሎምፒክ ከባሕሩ የለያትን የባቡር ሐዲድ አንስታ፣ አሸዋ ሞልታ ዳርቻ ፈጠረች። ያን ሳይ ደስ ይለኛል። ግን አሸዋው የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በጃንዋሪ 2020 ግሎሪያ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ከባርሴሎና ዳርቻዎች ብዙ ጠርጎ ወስዷል። ዛሬ የሚሞላ ሰው ነገም ለመሙላት በጀት ይያዝ። ስለዚህ ስፋት ከተፈለገ ከአስፋልቱ ይወሰድ እላለሁ። አስፋልቱ ተመልሶ ሊነጠፍ ይችላል፤ የሸሸ ዳርቻ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

የስፔኗ ቤኒዶርም በዚህ በኩል የምወደው ሥራ አላት። በምዕራቡ ዳርቻዋ በኩል በ2009 የተጠናቀቀው መሄጃ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ካርሎስ ፌራተርና ባልደረቦቹ ሲነድፉት ጠርዙን ቀጥ አላደረጉትም። እንደ ሞገድ ይወጣል፣ ይገባል። በገባበት ሰው ይቀመጣል፣ በወጣበት ቆሞ ያያል። ወደ አሸዋው የሚወርደውም በደረጃ ብቻ ሳይሆን በተዳፋት መሄጃ ጭምር ነው። የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናትና ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ከሌላው ጋር በአንድ መንገድ ይወርዳሉ። ለብቻቸው የተሠራ የጓሮ መግቢያ ፍለጋ አይዞሩም።

ስለ ዘንባባ ደግሞ ይህችን ልበል። ሥዕል ላይ ያምራል፣ ጥላው ግን አንድ ሰው አያስጠልልም። ቀትር ላይ አንድ ሰው ከግንዱ ቀጭን ጥላ ጋር አብሮ እየዞረ ሲቆም አይቻለሁ። ጨው የሚችሉ፣ ቅጠላቸው ሰፋ ያለ ዛፎች አሉ። እነሱ እስኪያድጉ የሸራ ጥላ ይዘርጋ። የባሕር ጨው ብረትን ስለሚበላ መከለያውና አግዳሚ ወንበሩ ለዚያ የሚሆን ብረት ይሁን። ያለበለዚያ ዝገቱ በነጩ ኮንክሪት ላይ ቡናማ እንባ ሆኖ ይወርዳል፣ ውስጥ ያለው ፌሮ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። መብራቱም ወደ መሬት ያብራ። የባሕር ኤሊዎች እንቁላል በሚጥሉበት ዳርቻ ከአሸዋ የሚወጡት ጫጩቶች ወደ ብርሃን ነው የሚሄዱት። የመንገድ መብራት ካታለላቸው ወደ ባሕሩ መሄዳቸው ቀርቶ ወደ አስፋልቱ ይመጣሉ።

ጥላ የሚያከራዩትና መጠጥ የሚሸጡት ሰዎችም አይረሱ። ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የሚነሱት እነሱ ናቸው፤ ሲያልቅ ብዙዎቹ የሚመለሱበት ቦታ የለም። የውሃ ቧንቧና የቆሻሻ መጣያ ያለው ቋሚ ቦታ ከመጀመሪያው በንድፉ ላይ ይሰመርላቸው። በሥራው ወቅት የት እንደሚቆሙም አብሮ ይጻፍ።

ባለሆቴሎቹን እረዳቸዋለሁ። እንግዳ ሻንጣ ይዞ በር ላይ መውረድ ይፈልጋል፣ አትክልትና ዓሣ የጫነ መኪና መግባት አለበት። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ዕቃ ይግባ፤ እንግዳ የሚያደርስ መኪና በእግር ፍጥነት ይለፍ። እንዲህ አድርገው የሚኖሩ ከተሞች ብዙ ናቸው።

አሁንም የሚጠራጠር ካለ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ይሞከር። ፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር የሚያልፈውን ፈጣን መንገዷን ለዘለቄታው የዘጋችው በአንድ ጀንበር አይደለም። ከ2002 ጀምሮ በየበጋው ለጥቂት ሳምንታት እየዘጋች አሸዋና ወንበር ታወጣበት ነበር። ሰው ለመደው፣ ወደደው። በ2013 የግራውን ዳር፣ በ2016 ደግሞ የቀኙን ለእግረኛ ለቀቀች። የባሕር ዳር ከተማም ይህን ማድረግ ይችላል። ለአንድ በጋ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ በመንገዱ ሁለት ጫፍ ውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ማገጃዎች ይቀመጡ። ወንበር ይውጣ፣ ሸራ ይወጠር፣ ልጆች ብስክሌት ይንዱበት። የሆቴሎቹ ገቢ ይመዝገብ፣ የጀርባው መንገድ መጨናነቅ ይቆጠር። ካልሠራ ማገጃዎቹን አንስቶ መኪና ላይ መጫን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አራቱ መስመር አስፋልት እንዳለ እዚያው ይጠብቃል።