«እንኳን ደስ ያለዎት»

አቦ፣ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት ክፍያው 20 በመቶ ቅናሽ ሰጥቶ «እንኳን ደስ ያለዎት» ምንድን ነው? 80ውን ማን ይክፈል? የድሬዳዋ ከዚራ ዛፍ ነው ብር የሚያፈራው?

ለኤልኤልኤም፣ ማለትም ለሕግ ማስተርስ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቺቭኒንግ አለ አይደል? አለ፤ መጀመሪያ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ቁጠር።

በራሴ ልክፈል ያለ ደግሞ ለእንግሊዝ ቪዛ ብሩን 28 ተከታታይ ቀን ባንክ ያስተኛል። በ27ኛው ቀን ከልኩ ትንሽ ጎደለ? እንደገና ከአንድ። ሞላልኝ ብሎ ዘና ማለትም የለም፤ ከ28ቱ የመጨረሻው ቀን እስከ ማመልከቻው ድረስ ከ31 ቀን በላይ ካለፈ የባንክ ስቴትመንቱ ተራ ወረቀት ነው። በዚያ ላይ ምንዛሪው ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለገበያ ተለቋል፤ ጠዋት የበቃ ብር ማታ ይጎድላል!

ከቪዛው ጋር የሚከፈለው የጤና ክፍያስ? ኮርሱ 12 ወር፣ የሚያስከፍሉት የዓመት ተኩል። 1,164 ፓውንድ፣ ሳያስነጥሱ፣ በቅድሚያ። አሻራ ለመስጠት ደግሞ ከድሬ አዲስ አበባ። እሱን የሚሸፍን ቅናሽ አላችሁ?