እርማት፦ ፌስታል ቦርጭ አያቀልጥም

እህቴ፣ «ሆዴን በፌስታል ጠቅልዬ ሲት አፕ (በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለት) ስሠራ ቦርጬ ይቀልጣል፤ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ግን ስለሚያወፍር ትቼዋለሁ» ላልሽው እርማት አለኝ።

ፌስታሉ የሚያወጣው ላብ ብቻ ነው። ውሃ ስትጠጪ ኪሎው ይመለሳል። ሲት አፕም የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። ስብ የሚቀንሰው ከመላ ሰውነት ነው፤ ከየት እንደሚጀምር አንቺ አትመርጪም። ቁልፉ ከምታወጪው ጉልበት ትንሽ አነስ አድርጎ መብላት ነው።

ስኳቱን መተውሽ ግን ቆጨኝ። እየቀነሱ ሳለ ጭንና መቀመጫ እንዳይሟሽሽ የሚይዘው እሱ ነው። ጂም ባይኖርሽም አብሽሪ! ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ነው። መጀመሪያ በግማሹ ሞክሪ። ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ቁጢጥ ብለሽ ተነሺ፤ ተረከዝሽ ከመሬት አይነሳ። 12 ጊዜ ሲቀልሽ ውሃውን ጨምሪ። የደሴን ዳገት መውጣትም ያግዛል (የጦሳን ተራራ የወጣ ያውቀዋል)፣ ብቻውን ግን ጡንቻ ለመገንባት አይበቃም።

ፕሮቲንም አትርሺ። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በቀን ወደ 100 ግራም ጥሩ ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። በጾም ደግሞ ምስሩንና ባቄላውን አብዢ፣ ዘይቱን ቀንሺ።