ዕድሜ ለአረንጓዴ መብራት

የሲስተም አስተዳዳሪዎች አመስጋኝ የላቸውም ይባላል። ዛሬ እኔ ላመስግናቸው። በተለይ የቨርቹዋል ማሽኖችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ በአንዲት ስክሪፕት "የሚከታተሉትን"። እንደነሱ የተረጋጋ ሰው የትም አይገኝም። ባክአፕ አለን ወይ ሲባሉ ቀና ብለው ዳሽቦርዱን ያያሉ። አረንጓዴ ነው። በቃ፣ አለን።

ይህ መረጋጋት እንዲሁ አልመጣም፤ ተለፍቶበታል። ናጊዮስ የሚባለው የሰርቨር መከታተያ ሶፍትዌር ለፕለጊኖቹ፣ ማለትም ለሚያስሮጣቸው መፈተሻ ስክሪፕቶች፣ ያወጣው ሕግ ግልጽ ነው። ስክሪፕቱ 0 ብሎ ከወጣ ደህና ነው፣ 1 ካለ ማስጠንቀቂያ፣ 2 ካለ አደጋ፣ 3 ካለ ደግሞ "አላወቅሁም" ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አራቱንም ልጠቀም ብሎ ሲባዝን ያመሽ ነበር። የኛ ጀግኖች ግን አንዱ ይበቃናል አሉ። በስክሪፕቱ የመጨረሻ መስመር ላይ "ኤግዚት 0" ጽፈው ገላገሉን። ዲስኩ ይሙላ፣ የይለፍ ቃሉ ይቀየር፣ ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር) አልመልስም ይበል፤ መጨረሻው ሰላም ነው።

ረቀቅ ያሉም አሉ። የባክአፑን ትእዛዝ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ጽሑፍ ለሌላው በሚያቀብል መስመር) "ቲ" ከሚባል መዝጋቢ ትእዛዝ ጋር አያይዘው ሎግ ያስጽፉታል። ትእዛዞቹን የሚያስፈጽመው ባሽ ደግሞ ካልነገሩት በቀር የሚመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ነው። ባክአፑ ይወድቃል፤ "ቲ" የውድቀቱን ዜና አንድ ፊደል ሳያጎድል ይጽፍና 0 ይመልሳል። ስህተቱ በሥርዓት ተመዝግቧል፣ መብራቱም አረንጓዴ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? በፓይፑ ውስጥ የወደቀውን የሚያሳብቅ "ፓይፕፌል" የሚባል ነገር አለኮ የሚሉ ነገረኞች አይጠፉም። ተዋቸው።

እኔ በበኩሌ ልቤን የሚነካው ዕድሜ የማይጠይቀው ፕለጊን ነው። የባክአፕ ፋይል አለ? አለ። አለፈ። የመቼ ነው ብሎ ማንንም አያሳፍርም። መጠኑንም አይመዝንም፤ ዜሮ ባይትም ቢሆን ስም ያለው ፋይል ነው፣ ክብር ይገባዋል። የማሽኖቹ ዝርዝርስ? ስክሪፕቱ ውስጥ በእጅ ተጽፏል፣ ድሮ። ከዚያ ወዲህ የተፈጠሩት ማሽኖች ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ባክአፕም የላቸውም። ግን አንድም ቀን ቀይ ሆነው አያውቁም! ያልተፈተነ አይወድቅም። ስም ዝርዝሩን በየጊዜው ከራሱ ከሃይፐርቫይዘሩ ማምጣት ይቻል ነበር፤ ግን ያልታወቀ ማሽን ብቅ ይልና ጣጣ ያመጣል።

ስናፕሾትን (የማሽኑን የአንድ ቅጽበት ሁኔታ መያዣ) ባክአፕ ብለው የሚጠሩትንም ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሠሪው ቪኤምዌር አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል። ምን አገባው? የኛ ሰው ለወራት ያቆየዋል። ከስናፕሾቱ ወዲህ የተለወጠው የሚጻፍበት የለውጥ ፋይል እያበጠ፣ ከማሽኑ ጋር እዚያው ዲስክ ላይ አብሮ ይኖራል። ዲስኩ ሲሞትም አብሮ ይሞታል። ታማኝነት ማለት ይኼ ነው።

ደግሞ ብቻችንን አይደለንም፤ ትልልቆቹም ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ አገልግሎት በሆነው ጊትላብ ውስጥ አንድ ኢንጂነር በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሰረዘ። ወደ 300 ጊጋባይት ገደማ። ባክአፕ ይምጣ ሲባል የዳታቤዙ ዕለታዊ ቅጂ የለም። ዳታቤዙ የሚሠራበት ሶፍትዌር ፖስትግሬስ 9.6 ነበር፤ ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ ግን የ9.2 ሆኖ በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ይላካል፤ ኢሜይሉ ደግሞ የላኪ ማረጋገጫ ስለሌለው ተቀባዩ ሰርቨር ይመልሰዋል። ክሽፈቱም ጸጥ፣ ማስጠንቀቂያውም ጸጥ። ያተረፋቸው አንድ ኢንጂነር ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ስናፕሾት ነው። እስከዚህ ድረስ የኛው ወግ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አበላሹት፤ የሆነውን ሁሉ ራሳቸው ጽፈው አደባባይ አወጡት። እንዲህ ያለ ጉድ ይነገራል እንዴ? "የቴክኒክ ችግር አጋጥሞን ነበር" ማለት ምን ይከብዳል?

አሁን አሁን ደግሞ አንዳንድ ወጣቶች አዲስ አመል ይዘው መጥተዋል። ፕለጊናቸው "የመጨረሻው ያልከሸፈ ባክአፕ ስንት ሰዓት ሆነው?" ብሎ ይጠይቃል። ባክአፑ በየሌሊቱ ከሆነ 26 ሰዓት ሲያልፍ ቢጫ፣ 50 ሲያልፍ ቀይ። መልስ ካጣ 3 ብሎ ይወጣል፤ አላውቅም ማለት አያፍርም። ስክሪፕቱ ራሱ ቢሞት እንኳ ናጊዮስ "ወሬው ቆየብኝ" ብሎ እንዲጮህ አድርገውታል። በዚህ ምክንያት ሌሊት ስልክ ይደወልላቸዋል፣ እሰየው። ይባስ ብለው በየወሩ አንድ ማሽን ከባክአፕ ያወጡና ለብቻው በተከለለ ኔትወርክ ያስነሱታል። ዳታቤዙ ይከፈት እንደሆነ ለማየት ነው አሉ። እንዲያው ደህና የተዘጋን ነገር ምን ያስከፍታል?