የብየዳ ማሰልጠኛ መኪና ሲታሰብ ስሌቱ ከኤሌክትሮድ ይጀምር

ተንቀሳቃሽ የብየዳ ማሰልጠኛ መኪና ይዘጋጅ ሲባል ወሬው ሁልጊዜ ከመኪናው ይጀምራል። ስንት ቶን የሚጭን ይሁን? ካሶኒው ይዘጋ ወይስ ሸራ ይልበስ? ጎኑ ላይ ምን ይጻፍበት? ቀጥሎ ማሽኖቹ ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለጀማሪ ከሚያስፈልገው በላይ የረቀቁ ማሽኖች ናቸው። ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበይደው ባለ ልባስ ዘንግ፣ እና የመለማመጃ ብረት የሚታወሱት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ገንዘብ ከተረፈ።

ሐሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም እወደዋለሁ። ወርክሾፕ በሌለበት ቦታ ወጣቱን ወደ ማሽን ከማንከራተት ማሽኑን ወደ ወጣቱ መውሰድ ይሻላል። ቅር የሚለኝ በጀቱ የሚደለደልበት ቅደም ተከተል ነው።

ብየዳ የእጅ ሙያ ነው። እጅ የሚለምደው ደግሞ እሳቱ ሲነድ ብቻ ነው። የኤሌክትሮዱን ጫፍ ከብረቱ ምን ያህል እንደሚያርቁት፣ በምን ፍጥነት እንደሚጎትቱት፣ የቀለጠው ብረት ሲሰፋና ሲጠብ ምን እንደሚመስል በሰሌዳ ተጽፎ አይገባም። ስለዚህ መኪና ከመገዛቱ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ አንድ ሰልጣኝ በቀን ስንት ደቂቃ ይበይዳል?

እስቲ እናስላው። ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነድዶ ለማለቅ አንድ ደቂቃ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ጊዜ ይፈጅበታል። አንድ ሰልጣኝ በቀን ሦስት ሰዓት የተግባር ጊዜ አለው እንበል። ብየዳው ላይ የሚጋገረውን ቅርፊት ሲያራግፍ፣ በሽቦ ብሩሽ ሲያጸዳ፣ ብረቱን ሲያስተካክል አብዛኛው ጊዜ ያልቃል፤ እሳት የሚነድበት አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ይህ በሰው 50 ገደማ ኤሌክትሮድ ነው። ስምንት ሰልጣኝ ካለ በቀን 400። ባለ 5 ኪሎ ፓኬት በዚህ ውፍረት 150 ገደማ ፍሬ ስለሚይዝ፣ 20 የስልጠና ቀን ላለው ወር ከ250 ኪሎ በላይ ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ገና ብረቱን አልቆጠርንም። የግራይንደር ዲስክም አልቆጠርንም።

ይህ ስሌት ሳይሠራ የወጣ መኪና ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በሁለተኛው ሳምንት ኤሌክትሮድ በራሽን መሰጠት ይጀምራል። አሰልጣኙ ፊት ቆሞ ይበይዳል፤ ስምንት ሰው ማስክ አጥልቆ ያያል። ፎቶው ግን ያምራል።

የመለማመጃ ብረት ከኤሌክትሮዱ በላይ ይከብዳል፤ ግን ብልሃት አለው። አንድ የ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ፣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሁለት ፊቱ በመስመር በመስመር እየተበየደበት ለብዙ ኤሌክትሮድ ይበቃል። ቁርጥራጭ ብረትም መጠቀም ይቻላል። ዚንክ የተቀባ ብረት ግን እንዳይገባ። የዚንክ ጭስ የሳበ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ ነው ብሎ ሊተኛ ይችላል።

ወደ ማሽን ስንመጣ የእኔ ምርጫ በኤሌክትሮድ የሚሠራው ተራው ብየዳ ነው። ሚግ የሚባለው፣ ሽቦ ከማሽኑ እየተመገበ በመከላከያ ጋዝ የሚሠራው ብየዳ፣ ለመማር ይቀላል፤ ሥራም ያፋጥናል። ችግሩ መከላከያ ጋዙ ነው። መኪናው የሚቆመው ሜዳ ላይ ነው፤ ነፋሱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ጋዙን እየጠረገ ይወስደዋል፣ ብየዳውም እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የኤሌክትሮዱ ልባስ ግን ሲነድ የራሱን ጋዝና ቅርፊት ስለሚሠራ ነፋስን የተሻለ ይችላል። ቲግ፣ በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግና በጋዝ የሚሠራው፣ ቆንጆ ሙያ ነው፤ ለዚህ መኪና ግን አይደለም።

የኤሌክትሮድ ብየዳ የኃይል ሒሳቡም ቀላል ነው። የእሳቱ ቮልቴጅ በተለምዶ 20 ሲደመር የአምፔሩ 0.04 እጥፍ ተብሎ ይሰላል። በ100 አምፔር 24 ቮልት ማለት ነው፤ 2.4 ኪሎ ዋት። ማሽኑ የሚያባክነው ሲታከልበት ከ3 ኪሎ ዋት ትንሽ ይቀንሳል። ርካሽ ኢንቨርተሮች (ትንንሾቹ ኤሌክትሮኒክ የብየዳ ማሽኖች) ግን ከመስመሩ የሚስቡት ከዚህ በላይ ስለሆነ ለአንድ ማሽን 4 ኬቪኤ (ኪሎ ቮልት አምፔር፣ የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) ያዙ። ስምንቱ ሰልጣኝ በአራት ማሽን ቢፈራረቅ 16 ኬቪኤ ሆነ። ግራይንደሩና የጭስ መሳቢያው ሲጨመሩበት ከ20 በታች የሆነ ጄኔሬተር ያስቸግራል። «ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበይድም» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው የጀማሪዎች ክፍል አይቶ አያውቅም። አሰልጣኙ «ጀምሩ» ሲል ሁሉም እኩል ነው የሚጭረው። ከፍታ ቦታ ላይ ደግሞ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል፤ ደጋ ላይ የሚሠራ መኪና ይህን አስቀድሞ ያስላ።

ጄኔሬተሩ የት ይቀመጥ የሚለው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ይህ መጠን ያለው ናፍጣ ጄኔሬተር ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ለማውረድ እንዲመች ተብሎ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ከተሰቀለ የፊቱን ጎማ ያነሳሳዋል፤ መሪው ይቀልና ኩርባ ላይ ጉድ ይፈላል። ወደ አንድ ጎን ካደላ ደግሞ ሞላው ይናገራል። ሁሉም ነገር ከተጫነ በኋላ መኪናው ሚዛን ላይ ይውጣ፤ የፊቱ ለብቻ፣ የኋላው ለብቻ ይመዘን። ሌላው የጭስ ማውጫው ነው። የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ንጹሕ አየር ከሚስበው ቬንትሌተር አጠገብ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፤ ሰዎቹ ራስ ምታት ብቻ ነው የሚሰማቸው።

ለነገሩ እኔ መኪናው ውስጥ መበየድን ራሱን አልደግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አራት ሰው እያስበየዱ ጭሱን በአግባቡ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው አይገኝም። ከመኪናው ጎን የሚዘረጋ እሳት የማይዘው ሸራ፣ ከሥሩ ተጣጥፎ የሚከተት የአንግል ብረት ክፈፍ፣ በመካከላቸው የብየዳ መጋረጃ ቢሆን ይበቃል። መኪናው መጋዘንና የኃይል ምንጭ ይሁን፤ ክፍሉ ውጭ ይሁን። ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቋረጣል። ይቋረጥ። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ኤሌክትሮድ መያዝ የሚያስቸኩል ነገር አይደለም።

ስለ አሲታይሊን፣ ከኦክስጅን ጋር እየነደደ ብረት ስለሚበይደውና ስለሚቆርጠው ጋዝ፣ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ የዕቃ ዝርዝር ላይ ሳይታሰብበት ነው የሚገባው። «የብየዳ መኪና ያለ ጋዝ ምን መኪና ነው?» ይባላል። አሲታይሊን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚኖረው ቀዳዳ በበዛበት ሙሌት ውስጥ በአሴቶን ሟሙቶ ነው። ሲሊንደሩ ተኝቶ ከተጓዘ አሴቶኑ ወደ ቫልቩ ይመጣል። ከሲሊንደሩ የወጣው ጋዝ ደግሞ ግፊቱ ከአንድ ባር ብዙም ሲያልፍ ኦክስጅን ሳይኖርም ራሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ከአየር ጋር 2.5 በመቶ ያህል ሲደባለቅ ለመቀጣጠል በቂ ነው። እንግዲህ ይህ ነገር ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ በተቆለፈ ካሶኒ ውስጥ አደረ እንበል። ጠዋት በሩን የሚከፍተው ሰው መብራት ሲያበራ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። በዚህ ዓይነት መንገድ የፈነዱ የተዘጉ መኪናዎች አሉ።

ለስልጠናው ጋዝ የግድ ካስፈለገ ሲሊንደሮቹ ቆመው፣ በሰንሰለት ታስረው፣ ሬጉሌተራቸው ወልቆ፣ ቆባቸው ተገጥሞ፣ ከውጭ ብቻ በሚከፈትና ከላይም ከታችም አየር በሚያስገባ ቦታ ይጓዙ። መኪናው ቆሞ ሲራገፍ ኦክስጅኑና አሲታይሊኑ ቢያንስ 6 ሜትር ተራርቀው ይቀመጡ። የኦክስጅን ቫልቭ የነካ እጅ ቅባት አይኑርበት። እኔ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ባይገባ እመርጣለሁ። ብረት ለመቁረጥ ግራይንደር አለ፤ ገንዘቡ ከተገኘ ደግሞ ፕላዝማ መቁረጫ ከትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር ይበቃል።

አንድ ዕቃ ግን ከየትኛውም ማሽን በፊት ይግባ እላለሁ፤ የማጠፊያ መፈተኛ። ከወፍራም ብረት የተሠራ ክፈፍና 20 ቶን የሚያነሳ ክሪክ ነው፤ ሰልጣኞቹ ራሳቸው ሊበይዱት ይችላሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰልጣኙ ሁለት ላሜራ ያገናኛል። ከመገናኛው አቋርጦ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቁራጭ ይቆረጣል፣ ብየዳው በግራይንደር ከላሜራው እኩል እስኪሆን ይላጋል። ከዚያ ክሪኩ ሥር ገብቶ እንደ ዩ ፊደል ይታጠፋል። ከላይ ሲታይ የሚያምረው ብየዳ እዚህ ጋ ገመናው ይወጣል። ሥሩ ድረስ ያልቀለጠው ይሰነጠቃል፣ ቅርፊት የቀበረው አፉን ይከፍታል። በብዙ መመዘኛዎች ስንጥቁ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወድቋል። ሰልጣኝ ከአሰልጣኝ ጋር ሊከራከር ይችላል፤ ከታጠፈ ብረት ጋር ግን የሚከራከር አላየሁም። ስንጥቁን በጣቱ እየዳሰሰ ራሱ ነው «እዚህ ጋ ቸኮልኩ» የሚለው። ይህ ሁሉ ከአንድ ጥሩ ኢንቨርተር በታች ወጪ ነው።

ኤሌክትሮዱ እንዴት ይጓዝ የሚለውም አለ። ኮረኮንች መንገድ ልባሱን ይሰነጥቀዋል። ካርቶኖቹ ከወለል ከፍ ብለው ለስላሳ ነገር ላይ ይቀመጡ። 7018 የሚባለው ዓይነት እርጥበት አይወድም፤ ፓኬቱ ከተከፈተ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሞቅ ትንሽ ምድጃ ውስጥ መቆየት አለበት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 6013 ይበቃል፤ እሱ ለጀማሪ እጅ ይታዘዛል።

አሁን ደግሞ ወጣቱን ወደ ሙያው ለመሳብ የሚደረገው ቅስቀሳ። አንድ መኪና ለስልጠናም ለማስተዋወቂያም ይውላል ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይበላሻሉ። ማስተዋወቂያ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ስልጠና የሳምንታት። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት እሳት መጫር ዓይን ማስመታት ነው። ብየዳ የመታው ዓይን ማታ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ የዚያ ልጅ ቤተሰብ ስለ ሙያው ምን እንደሚያስብ ገምቱ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ሲሙሌተር፣ ብየዳን በስክሪን አስመስሎ የሚያለማምድ መሣሪያ፣ ጥሩ ነው፤ ጭስ የለው፣ እሳት የለው። የእጅን ፍጥነትና የኤሌክትሮዱን ርቀት ያሳያል። ሲሙሌተር ላይ ሰለጠነ ብሎ ሰርቲፊኬት መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሴቶች ይምጡ እየተባለ የሚገዛው ጓንትና ጃኬት ሁሉ ትልቅ ቁጥር መሆኑም ያናድደኛል። ጣቶቿ ጓንቱ ውስጥ የሚዋኙባት ልጅ ኤሌክትሮዱን ማስተካከል አቅቷት «አልቻለችም» ይባላል። ትንሽ ቁጥር ማዘዝ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

መኪናው በደረሰበት ቦታ ሁሉ የተሰበረ ዴስክና የተገነጠለ በር ይመጣለታል። ጥገናው ለሰልጣኝ ጥሩ ልምምድ ነው፤ መጠኑ ግን ይገደብ። በነፃ የሚበይድ መኪና ለአንድ ወር ሲቆም እዚያው ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በያጅ ሥራ ያጣል። ይልቅ እሱ ራሱ ይጠራ። ብዙዎቹ እጃቸው የሰላ ነው፤ የሚጎድላቸው ማስክና ንድፍ ማንበብ ነው። እሱ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ቢከፈለው፣ ማጠፊያው ላይ የራሱንም ብየዳ ቢፈትን፣ መኪናው ሲሄድ ሰልጣኞቹ የሚጠጉት ሰው ይኖራቸዋል።

የሹፌሩም ነገር አለ። ጄኔሬተር የሚያውቅ ይሁን፤ ፊልትሮ የሚቀይር፣ ቤልት የሚያጠብቅ፣ ሲበላሽ ከየት ጀምሮ እንደሚፈለግ የሚገባው። አለበለዚያ ስምንት ሰልጣኝ መካኒክ እስኪመጣ ቁጭ ይላል፤ አበሉም ይቆጥራል።