የት እንደተኮሰ የሚያውቀው ተኳሹ ነው

የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈረም ብዙዎቻችን እፎይ ብለን ነበር። ሰነዱ ስለ ሲቪሎች ጥበቃ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ አራተኛው ነው። በጦርነት ጊዜ ሲቪሎችን ስለሚጠብቀው ሰብዓዊ ሕግ ወታደሩንም ፖሊሱንም ማሰልጠን ደግ ነው፣ ይቀጥል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማሳው ነው።

ጦርነቱ ባለፈባቸው የትግራይ፣ የአማራና የአፋር አካባቢዎች ያልፈነዱ ተተኳሾች መሬት ላይ ቀርተዋል። የእጅ ቦምብ አለ፣ የሞርታር ጥይት አለ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሣር ውስጥ ብረት ያያል። ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል። ሌላው ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ እሸጠዋለሁ ብሎ ቤቱ ድረስ ይዞት ይገባል። ገበሬውስ? ክረምቱ ሲገባ ፈርቶ ማሳውን ጦም ቢያሳድር ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ተኩስ ቆመ ማለት የተዋጊው ግዴታ አለቀ ማለት አይደለም። በልማዳዊው ዓለም አቀፍ ሰብዓዊ ሕግ፣ ማለትም ስምምነት ባይፈረምም በሚያስገድደው የጦርነት ሕግ፣ ፈንጂ የቀበረ ወገን ውጊያው ሲያበቃ ማንሳት ወይም እንዲነሳ ማገዝ አለበት። ኢትዮጵያም ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን ስምምነት በ1997 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ የተዋጉት ሁሉ የት እንደቀበሩ፣ በከባድ መሣሪያ የትኛውን ቀበሌ እንደደበደቡ ለፈንጂ አምካኞች ይንገሩ። ወታደራዊ ምስጢር ነው የሚል ይኖራል። ጦሩ ለቆት የሄደ ምሽግ ምን ምስጢር አለው? መረጃ የሌለው አምካኝ ሰፊ መሬት እየዳሰሰ ጊዜ ያቃጥላል። በዚህ መሃል ልጅ ይሞታል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሌላ ውጊያ አለ። ተኩስ ባለበት ቦታ ያልፈነዳውም ይጨመራል። «አትንኩ፣ አትቅረቡ፣ ለአዋቂ ንገሩ» የሚለው ምክር ሰላም እስኪወርድ መጠበቅ የለበትም። በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በገበያ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይነገር።

እግሩን ያጣ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ሆስፒታል ታክሞ በመውጣቱ አይዘጋም። ልጁ ሲያድግ ሰው ሠራሽ እግሩ ያጥረዋል፣ ይጠበዋል። ደጋግሞ መቀየር አለበት። ለመለካትም ለማስተካከልም ከገጠር ከተማ ድረስ መመላለስ አለ። ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ አብሮት የሚሄደው ወላጅ የሚያጣው የሥራ ቀን ሁሉ ወጪ ነው። ይህ ሁሉ በቤተሰቡ ጫንቃ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ልጁ አድጎ እስኪጨርስ በየዓመቱ ከመንግሥት በጀት ይያዝለት።